የዝነኛ ሰው ክስና ሚዲያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ የታወቀ ሰው በወንጀል ሲከሰስ ችሎቱ ሳይከፈት አገሩ ሁሉ ፈርዶ ይጨርሳል። "እሱ እንዲህ አያደርግም" የሚለውም ሆነ "ድሮም አላምነውም ነበር" የሚለው የክሱን ወረቀት አላየውም። ያየው ዜናውን ነው። ከታች ያሉት ስለዚህ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙዎቹን መልሶች ከኦ.ጄ. ሲምፕሰን ክስ ጋር አያይዣቸዋለሁ። ክሱ ቆየት ያለ ነው፤ ግን ዛሬ በስልካችን የምንከታተለው የዝነኞች ችሎት መልኩን የያዘው ያኔ ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦ.ጄ. ሲምፕሰን ማን ነበር? ለምንስ እስከ ዛሬ ይነሳል?

በአሜሪካ ፉትቦል ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። ከሜዳ ውጭም ፊልም ሠራ፣ የስፖርት ተንታኝ ሆነ። ኸርትዝ ለተባለው የመኪና አከራይ በሠራው ማስታወቂያ ኤርፖርት ውስጥ ሲሮጥ ያላየው አሜሪካዊ አልነበረም። ጁን 12 ቀን 1994 ሌሊት የቀድሞ ባለቤቱ ኒኮል ብራውን ሲምፕሰንና ጓደኛዋ ሮን ጎልድማን ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ እሷ ቤት ደጃፍ ላይ በስለት ተገደሉ። እሷ 35 ዓመቷ ነበር፣ እሱ 25። ሁለት ልጆቿ ቤት ውስጥ ተኝተው ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ ሲምፕሰን እጁን ይሰጣል ተብሎ ሲጠበቅ ጓደኛው በሚነዳው ነጭ ብሮንኮ መኪና ተሰወረ። ፖሊስ ከኋላ፣ ሄሊኮፕተር ከላይ ተከተሉት። 95 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ይህን በቀጥታ ስርጭት አየ። ኤንቢሲ የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ እያስተላለፈ ነበር፤ ጨዋታውን ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን አድርጎ መኪናዋን አሳየ። ችሎቱ በጃንዋሪ 1995 ተከፍቶ ኦክቶበር 3 ቀን 1995 ተጠናቀቀ። 12 አባላት ያሉት ጁሪ፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፣ ነጻ ብሎ አሰናበተው። ሲምፕሰን በ2024 በ76 ዓመቱ አረፈ። ክርክሩ ግን አሁንም አልበረደም።

ሚዲያ የሰዉን አስተያየት መቅረጽ የሚጀምረው መቼ ነው?

ከወንጀሉ በፊት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1989 ንጋት ላይ ፖሊስ ተጠርቶ ሲምፕሰንና ኒኮል በትዳር አብረው ይኖሩበት የነበረው ቤት ደረሰ። ተደብድባ ነበር። ሲምፕሰን በክሱ አልከራከርም አለ። የገንዘብ ቅጣት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትና የገደብ ጊዜ ተወሰነበት። ሚዲያው ነገሩን ቀለል አድርጎ አለፈው። ኸርትዝ ማስታወቂያውን አላቋረጠም። ኤንቢሲ ደግሞ በዚያው ዓመት ተንታኝ አድርጎ ቀጠረው። በ1994 የግድያው ዜና ሲሰማ ሰዉ በልቡ የያዘው እንግዲህ ፈገግተኛውን፣ ሯጩን፣ የሁሉንም ወዳጅ ነው። "አይሆንም፣ ኦ.ጄ.?" ያለው ሰው አልዋሸም። የሚያውቀው ያንን ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ባንዴ ተገለበጠ። ኒኮል ለፖሊስ የደወለችባቸው ቅጂዎች ወጡ። በፍርሃት ስትናገር፣ ከኋላ እሱ ሲጮህ ይሰማል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቀን ከሌት አሰሙት። ክስ ለመመሥረት የሚበቃ ማስረጃ መኖሩን ይመረምር የነበረው ግራንድ ጁሪ አባላት ይህን ሰምተው ሊሆን ይችላል ተብሎ ግራንድ ጁሪው ተበተነ። አምስት ዓመት ሙሉ ዝም የተባለ ነገር በአንድ ሳምንት እንደ ጎርፍ ወረደ ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በ1989 ያ ድብደባ ተገቢውን ቦታ ቢያገኝ ኖሮ ሕዝቡ ሰውየውን በሙሉ መልኩ ባወቀው ነበር፤ ኒኮልም በሕይወት እያለች የሚሰማት ታገኝ ነበር።

አንድ ፎቶ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ጁን 27 ቀን 1994 የወጡት ታይምና ኒውስዊክ መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ አንድ ፎቶ አወጡ፤ ፖሊስ ሲምፕሰንን ሲይዘው ያነሳውን። ኒውስዊክ እንዳለ አተመው። ታይም ግን ለሠዓሊ ሰጥቶ አሠራው። ፊቱ ጠቆረ፣ ዙሪያው ጨለመ፣ የእስረኛ ቁጥሩ አነሰ። ሁለቱ መጽሔቶች መሸጫ ላይ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ሆነ። ጥቁር ጋዜጠኞችና የሲቪል መብት ድርጅቶች ተቆጡ። ጥቁር ተከሳሽን ይበልጥ አጥቁሮ ማሳየት "አስፈሪ ነው፣ አድርጎታል" ማለት እንደሆነ ተናገሩ። የታይም ዋና አዘጋጅ ለአንባቢዎች ማብራሪያ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ።

ያ ማጥቆር የተነቃበት ሌላው መጽሔት አጠገቡ ስለነበረ ነው። ብዙ ጊዜ ማወዳደሪያ የለንም። ተከሳሹ በካቴና ከሚታይበትና ከልጁ ጋር ከሚስቅበት ፎቶ የትኛው ከዜናው ጋር እንደሚወጣ አንድ አዘጋጅ ይወስናል። እኛ ምርጫ እንደነበረ እንኳ አናውቅም።

በቴሌቪዥን ሙሉውን ከተከታተልኩ እንደ ጁሪው መፍረድ አልችልም?

አይቻልም። ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ "ቀን በቀን አይቻለሁ እኮ" ይላል። ግን ጁሪውና ተመልካቹ ያዩት አንድ አልነበረም።

ከሰብሳቢዋ ጀምሮ የጁሪው አባላት ለ265 ቀናት ሆቴል ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር። ጋዜጣ ሲደርሳቸው ስለ ክሱ የተጻፈው ተቆርጦ ወጥቶ ነው። ቤተሰብ የሚጎበኛቸው በተወሰነ ሰዓት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አሥር የጁሪ አባላት በተለያየ ምክንያት ተነስተው በተጠባባቂ ተተክተዋል። ዳኛ ላንስ ኢቶ ጠበቆች ሲከራከሩ ጁሪውን ደጋግመው ያስወጡ ነበር። ጁሪው ሲወጣ ካሜራው ግን እዚያው ነበር።

የማርክ ፈርማንን ነገር ውሰዱ። ደም የነካውን ጓንት በሲምፕሰን ግቢ አገኘሁ ያለው መርማሪ ፖሊስ እሱ ነው። ቃለ መሐላ ፈጽሞ ያንን ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ላለፉት አሥር ዓመታት ከአፌ አውጥቼ አላውቅም አለ። በኋላ ድምፁ የተቀዳበት ካሴት ተገኘ፤ ስድቡ በተደጋጋሚ ይሰማል። ስለ ፖሊስ ጭካኔም በኩራት ያወራል። ካሴቱ ጁሪው በሌለበት ችሎት ሲሰማ አሜሪካ በሙሉ አዳመጠ። ዳኛው ጁሪው እንዲሰማ የፈቀዱት ግን ሁለት አጫጭር ቁራጮችን ብቻ ነው። ፈርማን እንደገና ተጠርቶ "ማስረጃ ፈብርከሃል?" ተብሎ ሲጠየቅ ራሴን ላለመወንጀል መልስ አልሰጥም አለ። ይህንንም ሕዝቡ አየ፣ ጁሪው አላየም።

በተቃራኒው ደግሞ 95 ሚሊዮን ሰው የተመለከተውን የብሮንኮ ጉዞ ዐቃቤ ሕግ በማስረጃነት አላቀረበውም። ቤቱ ሆኖ የሚከታተለው ሰው "ባይሠራው ለምን ሸሸ?" እያለ ነው፤ ጁሪው ፊት ግን ስለ ሽሽቱ ክርክር አልተነሳም።

ስለዚህ ውሳኔው ከጠበቅነው ሲለይ "እብድ ናቸው" ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። እነሱ እጅ ላይ የነበረው መዝገብ ምን ይዟል?

ሰዉ አንድ ስርጭት እያየ ለምን ሁለት ቦታ ተከፈለ?

ውሳኔው በተነበበበት ቅጽበት ካሜራዎች ሰው የተሰበሰበበትን ቦታ ሁሉ ይቀርጹ ነበር። በአንድ በኩል ጥቁር ተማሪዎች በደስታ ይዘላሉ። በሌላ በኩል ነጮች አፋቸውን ይዘው ቀርተዋል። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችም ይህንኑ አሳዩ። አብዛኛው ነጭ ፈጽሞታል፣ አብዛኛው ጥቁር አልተረጋገጠም አለ።

እዚህ ላይ ሚዲያን ብቻ መውቀስ ልክ አይሆንም። ሰው የሚያየውን ከኖረው ጋር አያይዞ ነው የሚተረጉመው። በማርች 1991 የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር ሰው መሬት ላይ ሲደበድቡ አንድ ነዋሪ ከቤቱ ቀርጾ ነበር። ዓለም ሁሉ አየው። በኤፕሪል 1992 ግን ጥቁር አባል ያልነበረበት ጁሪ ፖሊሶቹን ነጻ አላቸው። ከተማዋ ተቃጠለች፣ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። የሲምፕሰን ችሎት የተከፈተው ይህ ቁስል ሳይሽር፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው የፖሊስ ተቋም ምርመራ ነው። የፈርማን ካሴት ሲሰማ ለጥቁሩ ነዋሪ አዲስ ወሬ አልነበረም። ሲናገረው ኖሮ ማንም ያላመነው ነገር ነበር።

የሚዲያው ድርሻ መከፈሉን ማራገብ ነበር። "ጥቁሮች እንዲህ ይላሉ፣ ነጮች እንዲያ ይላሉ" የሚል ዜና ማታ ማታ ከቀረበ ሰዉ ስለ ማስረጃው ከመጠየቅ ይልቅ ወገኑን ይመርጣል። አስተያየት ግን ድንጋይ አይደለም። በ2015 ዋሽንግተን ፖስትና ኤቢሲ ባካሄዱት መጠይቅ ከጥቁር አሜሪካውያንም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲምፕሰን ሳይፈጽመው አይቀርም ብለዋል።

ከዚያ ሁሉ ወር ሰው ጓንቱን ብቻ ለምን ያስታውሳል?

ለቴሌቪዥን የሚመች እሱ ስለሆነ ነው። ጁን 15 ቀን 1995 ዐቃቤ ሕጉ ክሪስቶፈር ዳርደን ሲምፕሰን ጓንቱን እንዲሞክረው ጠየቀ። ሲምፕሰን ከስር ስስ የላስቲክ ጓንት አድርጎ ነበር። ታገለ፣ እጁን ወደ ጁሪው አነሳ፣ አልገባም አለ። ትዕይንቱ በጣም አጭር ነው። ማታ ዜናው ላይ ደግመው ደጋግመው አሳዩት።

የዲኤንኤ ምስክርነት ግን ሳምንታት ወሰደ። ቁጥር፣ ሰንጠረዥ፣ የላቦራቶሪ አሠራር። ዘዴው ያኔ ለሕዝቡ አዲስ ነበር፤ ቴሌቪዥኖችም አሳጥረው አለፉት። የተከሳሽ ጠበቆች ደም የተሰበሰበበትን መንገድ በዝርዝር መተቸታቸውም እንዲሁ ተድበስብሶ ቀረ። በሁለቱም ወገን ጠንካራው ክርክር እዚያ ውስጥ ነበር። ለዜና የሚመረጠው ግን በ20 ሴኮንድ የሚያልቀው ነው። ስለ ዐቃቤ ሕጓ ማርሻ ክላርክ የፀጉር አሠራር የተወራውን ያህል ስለ ደም ናሙና ቢወራ ሕዝቡ የተሻለ ያውቅ ነበር።

ምስክር ታሪኩን ለሚዲያ ቢሸጥ ምን አለበት?

ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል። በግድያው ሌሊት ሲምፕሰንን በመኪና ሲከንፍ አየሁ ያለች አንዲት ሴት ነበረች። ለአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በ5,000 ዶላር ተናገረች። ዐቃቤ ሕግ ከዚያ በኋላ ለጁሪው ሳያቀርባት ቀረ። ቢላ ሸጥንለት ያሉ የሱቅ ሰዎችም ለአንድ ጋዜጣ በ12,500 ዶላር ታሪካቸውን ሸጡ። እነሱም ዋናው ችሎት ላይ አልቆሙም። የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ ግን የተከሳሽ ጠበቃ "ስንት ተከፈለህ?" ብሎ ብቻ ያፈርሳቸዋል።

ሕዝቡ ምስክርነቱን ሰምቶ አስተያየት ያዘ፤ ጁሪው ጭራሽ አልሰማውም።

ካሜራ ከችሎት ቢወጣ ነገሩ አይስተካከልም?

ካሜራውን ተጠያቂ ማድረግ ይቀላል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በ1921 ሮስኮ አርበክል የተባለ የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተከሰሰ። ሆቴል ውስጥ በተደረገ ግብዣ ላይ ታማ በኋላ የሞተች ተዋናይትን ገድለሃል ተብሎ ነው። ቴሌቪዥን የለም፣ ዩቲዩብ የለም። ጋዜጦች፣ በተለይም የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ጋዜጦች፣ በትልልቅ ርዕስ ጨረሱት። ሁለት ጁሪ መስማማት አቃተው። ሦስተኛው በኤፕሪል 1922 ነጻ አለው፤ በዚያ ላይ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀው። ከቀናት በኋላ ፊልሞቹ እንዳይታዩ ታገደ። የፊልም ሕይወቱ ተመልሶ አልቀናም።

በ2005 የማይክል ጃክሰን ችሎት ካሊፎርኒያ ሳንታ ማሪያ ውስጥ ሲካሄድ ዳኛው ካሜራ ከለከሉ። ቴሌቪዥኖች ምን አደረጉ? የችሎቱን ቃለ ጉባኤ ተዋናዮች እንዲተውኑት አድርገው በየቀኑ አሳዩት። ተመልካቹ እውነተኛውን ምስክር ሳይሆን ምስክር መስሎ የሚተውን ሰው አየ። ጁሪው ጃክሰንን በ14ቱም ክስ ነጻ አለው።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ ሞከረች። በ2014 የሯጩ ኦስካር ፒስቶሪየስ ችሎት በቀጥታ እንዲተላለፍ ተፈቀደ፤ ፊታችን አይታይ ያሉ ምስክሮች ድምፃቸው ብቻ ይሰማ ነበር። እዚያ ጁሪ የለም። ዳኛ ቶኮዚሌ ማሲፓ ከሁለት ረዳቶች ጋር ሆነው ወሰኑ፤ ምክንያታቸውንም ለሁለት ቀን አነበቡ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2015 በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚለውን ውሳኔ ወደ ነፍስ ግድያ ሲለውጠው የትኛው የሕግ ነጥብ እንደተሳተ ማንም ሰው ማየት ቻለ። እኔ በበኩሌ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። ችሎቱ ይታይ፣ ምክንያቱም ይነበብ። ጉዳቱ የሚመጣው ከካሜራው ይልቅ ከካሜራው ውጭ ካለው የተንታኝ ጋጋታ ነው።

በሚዲያ ጫና ምክንያት ፍርድ ተሽሮ ያውቃል?

አዎ። ዶክተር ሳም ሼፐርድ በክሊቭላንድ አቅራቢያ የሚኖር ሐኪም ነበር። በጁላይ 1954 ነፍሰ ጡር ባለቤቱ ተገደለች። ከመታሰሩ በፊት የከተማው ጋዜጣ "ለምን አልታሰረም?" የሚል ርዕስ የፊት ገጹ ላይ አወጣ። የጁሪ ዕጩዎች ስምና አድራሻ ታተመ፤ ደብዳቤና ስልክ ይጎርፍላቸው ጀመር። ችሎቱ ውስጥ ለጋዜጠኞች የተዘረጋው ጠረጴዛ ከመቅረቡ የተነሳ ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር በሹክሹክታ መነጋገር ተቸግሮ ነበር። ተፈረደበት።

አሥር ዓመት ገደማ ከታሰረ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ዳኛው ችሎቱን ከሚዲያ ግርግር አልጠበቁትም አለ። እንደገና ሲዳኝ ነጻ ወጣ። ያኔ የተከራከረለት ወጣት ጠበቃ ኤፍ. ሊ ቤይሊ ይባላል። ከ29 ዓመት በኋላ ለሲምፕሰን ቆሞ ፈርማንን በመስቀለኛ ጥያቄ የያዘው እሱው ነው።

"ነጻ ወጣ" ማለት "አልፈጸመም" ማለት ነው?

አይደለም። ዜናዎች እንደዚያ አስመስለው ስለሚያቀርቡት ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በወንጀል ችሎት ዐቃቤ ሕግ ምክንያታዊ ጥርጣሬ እስከማይቀር ድረስ ማስረዳት አለበት። ካልቻለ ተከሳሹ ይለቀቃል። በፍትሐ ብሔር ግን የሚጠየቀው የማን ማስረጃ ያመዝናል የሚል ነው።

የሟቾቹ ቤተሰቦች ሲምፕሰንን በፍትሐ ብሔር ከሰሱት። ዳኛ ሂሮሺ ፉጂሳኪ ካሜራ ከለከሉ። በፌብሩዋሪ 1997 ሌላ ጁሪ ለሁለቱ ሞት ተጠያቂ ነው አለው፤ 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። እዚህ ላይ ለሚዲያው የሚመሰከርለት ነገር አለ። ሲምፕሰን በወንጀሉ ስፍራ ዱካቸው የተገኘውን ዓይነት ብሩኖ ማሊ ጫማ ኖሮኝ አያውቅም ይል ነበር። የመጀመሪያው ችሎት ካለቀ በኋላ የስፖርት ፎቶ አንሺዎች የድሮ ፊልሞቻቸውን ሲያገላብጡ በ1993 ስታዲየም ውስጥ ያንን ጫማ አድርጎ የተነሳቸውን ፎቶዎች አገኙ። የመጀመሪያውን ያተመው በሐሜት የሚታወቅ ጋዜጣ ነበር።

በኢትዮጵያስ እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል?

ሁላችንም የምናስታውሰው የቴዲ አፍሮን ጉዳይ ነው። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጎዳና ላይ የሚኖር ወጣት በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ቴዲ ገጭቶ አምልጧል ተብሎ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ታሰረ። ክሱን ክዶ ተከራከረ። በ2001 ዓ.ም. 6 ዓመት ተፈረደበት፣ በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ዝቅ አለለት፣ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ከእስር ወጣ።

እዚህ የነበረው ችግር የሎስ አንጀለሱ ተቃራኒ ነው። የወሬ ጎርፍ አልነበረም። በር ተዘጋ። ጉዳዩን በሽፋኑ ይዞ የወጣው ዕንቁ መጽሔት ቅጂዎቹ በፖሊስ ተያዙ፣ አዘጋጁም ታሰረ። የዘፋኙን ጠበቃ ቃል ያተመው የአዲስ ነገር ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ችሎት በመድፈር ተፈርዶበት ቅጣቱ ተገደበለት። ዘገባ ሲታፈን አስተያየት አይጠፋም። ወደ ታክሲ ውስጥ፣ ወደ ካፌ፣ ወደ ዳያስፖራ ድረ ገጾች ይሄዳል። ግማሹ ሰው "በዘፈኑ ነው የታሰረው" አለ፣ ሌላው "ሕግ ለሁሉም እኩል ነው" አለ። ማስረጃውን ረጋ ብሎ የሚያስነብበው ግን አላገኘም።

በዚህ ሁሉ መሃል የሟቹን ስም ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የቲፎዞውም የተቃዋሚውም ወሬ ስለ ዘፋኙ ነበር። ቤት ያልነበረው ልጅ በዜናውም ቤት አላገኘም።

ከዝነኞች ውጭም ቢሆን የአገራችን ሚዲያ የሚጠየቅበት አለ። ተከሳሾች ችሎታቸው ሳያልቅ በመንግሥት ቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶባቸው አጥፊ ተደርገው ታይተዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹህ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ያ መብት ዜና ስቱዲዮ በር ላይ አይቆምም።

አሜሪካ ነው የምኖረው። የጁሪ ጥሪ ቢደርሰኝና ጉዳዩን በዜና ሰምቼው ከሆነስ?

ዜግነት ካላችሁ ጥሪው ሊደርሳችሁ ይችላል፤ ዝም ብላችሁ አትለፉት። መስማታችሁ ብቻውን አያስቀራችሁም። የሚጠየቀው የሰማችሁትን ወደ ጎን ትታችሁ በችሎቱ ማስረጃ ብቻ መወሰን ትችሉ እንደሆነ ነው። የሲምፕሰን ጁሪ ዕጩዎች ከ290 በላይ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ሞልተዋል። እውነቱን ተናገሩ። አስተያየት ካላችሁ አለኝ በሉ። ከተመረጣችሁ ስለ ጉዳዩ ጉግል አታድርጉ፣ ቲክቶክ ላይ ሲመጣ እለፉት፣ ከባለቤታችሁም ጋር አታውሩበት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ይህንንም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ የሰው ሕይወት ነው።

ሶሻል ሚዲያ ምን ለወጠ?

ድሮ የሚቆርጠው አዘጋጁ ነበር፤ አሁን ሁሉም ይቆርጣል። በ2022 የተፋቱት የፊልም ተዋናዮች የጆኒ ዴፕና የአምበር ኸርድ ክርክር ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ሲካሄድ ይህ በግልጽ ታየ። የስም ማጥፋት ክስ እንጂ የወንጀል አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ስድስት ሳምንት በቀጥታ ተላለፈ። ኸርድ ስለ መደፈር ስትመሰክር የሚያሳየው ምስል ተቆርጦ ከሙዚቃ ጋር መቀለጃ ሆነ። ጁሪው ደግሞ ማታ ማታ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ስልካችሁን አትዩ ተብሏል፤ አለማየቱን የሚያረጋግጥ ግን የለም።

በ2020 ለንደን ላይ ዴፕ አንድ ጋዜጣን ከስሶ ነበር። ዳኛ ብቻ፣ ያለ ካሜራ ሰምተው ውሳኔያቸውን በረጅም ጽሑፍ አወጡ፤ ዴፕ ተረታ። ቨርጂኒያ ላይ በአብዛኛው ረታ። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች የመረመሩት ነጥብ የተለያየ ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱን ለካሜራ ብቻ መስጠት አይቻልም። የለንደኑን ውሳኔ ግን ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። የጁሪ ውሳኔ ምክንያት አይጻፍበትም፤ ክፍተቱን የሚሞላው ዩቲዩበሩ ነው።

ችሎት ገብቼ ራሴ መከታተል እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ችሎት ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በዝግ የሚታየው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት የሚነካ ሲሆን ነው። ቀጠሮውን ከመዝገብ ቤት ወይም ከማስታወቂያ ሰሌዳው አጣሩ። መታወቂያ ያዙ፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ያለ ፈቃድ አትቅረጹ። ዳኞች ሲገቡ ተነሱ። ብዙ ጊዜ ረጅም ሰዓት ጠብቃችሁ ነገሩ በአንድ ተለዋጭ ቀጠሮ ያልቃል፤ ተስፋ አትቁረጡ። ምስክር የሚሰማበትን ቀን ጠይቁና ያን ቀን ሂዱ። ቃሉን ከምስክሩ አፍ ሰምታችሁ ማታ ዜናውን ስታዩ ምን እንደተተወ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።